ጀልባዋን ውሃ ሳላጠጣት

ይድረስ ለአትጠገቤ፣ ለቤቴ እመቤት።

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጠይቅሽ፣ ካለሽበት አገር መልስ የሚያመጣ መንገደኛ የለም። ንዳድ ከእጄ ከነጠቀሽ ሁለት ክረምት አለፈ። እኛ ደህና ነን። ልጃችን የሺ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች፤ ጠባይዋ ግን ቁርጥ አንቺን ነው፣ የተናገረችው ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም። ሰሊጡ ታጭዷል። ጣሊያን መተማ ላይ ዘበኛ ካቆመ ወዲህ ከድንበሩ ማዶ ገላባት እንደ ልብ መሄድ ቀርቷል፣ ጀልባዋን የምንቀባው ቅጥራንም አይመጣም። ነገሬም ስለ ጀልባዋ ነው። አጥፍቻለሁና ልንገርሽ።

ያ የገላባቱ አናጢ በሰሊጥ ለውጦ የሰጠን ጊዜ የመንደራችን የሽንፋ ሰው እንዴት እንደ ሳቀብን ታስታውሻለሽ? ዓሣ አታጠምድ፣ እህል አታሻግር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባልና ሚስት ወንዝ ላይ የሚናፈሱባት ጀልባ። እኔ የደጋ ሰው፣ ውሃ ጉልበቴን ሲነካኝ ጸሎት የምጀምር፤ አንቺ የጣና ዳር ልጅ፣ አባትሽ ታንኳ ቀዛፊ። ቤት ውስጥ አዛዡ እኔ ነኝ እያልሁ እፎክር ነበር፤ ጀልባዋ ላይ ግን አንድ ቀን ቃል ወጥቶኝ አያውቅም። የውሃ መጨለፊያው ቅል ካልታሰረ አንነሣም። ቆሞ መቅዘፍ የለም። የእኛ ሰማይ ጥርት ቢልም በደጋው በኩል ከጠቆረ ያ እሑድ ቀረ ማለት ነበር። አንድ ቀን እንዲያ ብለሽ መለስሽኝ፤ አኩርፌ ምሳዬን ሳልጨርስ ደራሽ ውሃ ግንድ ተሸክሞ በደጃችን ሲያልፍ አየሁ። አንቺ ወጥ ብቻ ጨመርሽልኝ።

ከሞትሽ በኋላ ጀልባዋን ማየት አቃተኝ። ፀሐይ ላይ ደፍቼ ተውኋት። ደርቃ ደርቃ በሳንቃዎቿ መካከል ጣት ያስገባ ጀመር። በዚህ ጥቅምት ወንዙ ሲረጋ የሺ እናውርዳት ብላ ለመነችኝ። ደስ እንዲላት ብዬ የዕጣን ዛፍ ሙጫ ከሰሊጥ ዘይት ጋር አቀለጥሁ፤ ጥጥ እየነከርሁ ክፍተቱን ሁሉ ጠቀጠቅሁት። ሥራዬ አማረኝ። አንቺ መጀመሪያ ሦስት ቀን ጥልቀት በሌለው ውሃ ታስተኚያት ነበር፤ እንጨትም እንደ ሰው ይጠማል፣ ጠጥቶ ሲያብጥ ክፍተቱን ራሱ ይዘጋል ትይኝ ነበር። እኔ ያን ጊዜ እየሳቅሁ ስለምሰማሽ፣ አሁን ትዝም አላለኝ።

እሑድ ወረድን። ባንቺ ቦታ፣ በኋላው መቀመጫ፣ እኔ ልቀመጥ አስቤ የሺን ግቢ አልኋት። አልገባም አለች። እማዬ ባዶዋን ጀልባ ሳታስቀድም አስገብታን አታውቅም ብላ ገመዱን ከእጄ ወሰደች፣ ጀልባዋን ወደ ጥልቁ ገፍታ ገመዱን ከግንድ አሰረችው። ተቆጣሁ። አባትን ማመን ቀረ ወይ አልኋት። ከሁመሩ ዛፍ ጥላ ተቀምጣ ቆሎዋን ትበላ ጀመር።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ተንሳፈፈች፤ እኔም ልኮራባት ቃል እየመረጥሁ ነበር። ከዚያ ያበጠው እንጨት ክፍተቱን ገና ሳይዘጋ ያን ሁሉ የጠቀጠቅሁትን ጥጥ እየገፋ ይተፋው ጀመር። ከንፈሯ ድረስ ሞልታ ስትሰጥም ሁለታችንም አየን። እኔ ዋና አልችልም፤ የሺም እኔን መጎተት አትችልም። መሬት ተቀመጥሁ። ልጃችንን በገዛ እጄ ወደ አንቺ ልልክልሽ ነበር፣ አትጠገቤ። አለቀስሁ፣ እሷም ቆሎዋን አካፈለችኝ።

በማግሥቱ ጎትተን አወጣናት፤ የቀረውን ጥጥ አወለቅሁ፣ ሦስት ቀንም ዳር ላይ አጠጣኋት። ከዚያ በኋላ የቀረችው ክፍተት ጥቂት ነበረች፣ በጥቂት ጥጥ አለቀች። ባዶዋንም ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ አቆየናት፤ ጠብታ አላስገባችም።

ተዝካርሽን አውጥቻለሁ፤ ስምሽም በየጸሎቴ አለ። ከዚያ ሌላ አንድ ነገር ቃል እገባልሻለሁ። የኋላው መቀመጫ ያንቺ ነበር፣ ለየሺ ለቅቄላታለሁ። እሑድ እሑድ ቅሉን ታስራለች፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ የደጋውን ሰማይ ታያለች። እኔም ግባ እስክትለኝ ዳር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ባልሽ