ጋሽ ዝርዝር ወረደ

እታለም፣ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ልንገርሽና ሰላምታው ይከተል፤ አትቀየሚኝ፣ እጄ አላርፍ ብሎኛል። ገና ቁርስ ሳልቀምስ የአውቶቡስ ድርጅቱ ኃላፊ እኔንና ጋሽ ዝርዝርን ቢሮ አስጠራን። አውቶቡሶቹ ላይ ካርድ የሚያነብ ማሽን ከተገጠመ ወዲህ ትኬት ቆራጩ ሁሉ ተሸኝቶ የቀረነው ሁለታችን ነን። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራረገና የአንድ ሰው ቦታ ብቻ እንዳለ፣ ማን እንደሚቀር ነገ እንደሚያሳውቀን ነገረን። ይሄኔ ጋሽ ዝርዝር ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ልክ እንደ ተሳፋሪ፣ "ወራጅ አለ!" አይል መሰለሽ! ጸሐፊዋ ሳቀች። ኃላፊውም ሳቀ። ቀልድ እንዳልሆነ የገባን መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው ነው።

ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እማዬ እህል ትቀምሳለች? የባለቤትሽ ሳል ተወው ወይስ እንደያዘው ነው? እኛ ከሐሳብ በቀር ደህና ነን።

ጋሽ ዝርዝር ማለት ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ ነው፤ ከዚህ በፊት ጽፌልሻለሁ። ለተሳፋሪ የሚመልሰው ዝርዝር ሳንቲም ጠፍቶበት ስለማያውቅ ነው ስሙ የወጣለት። ጡረታው ሊደርስ ጥቂት ነበር የቀረው፤ አሁን ግን ሙሉውን አያገኝም። ደረጃው ላይ ደርሼበት ምነው ጋሼ፣ ምን ነካህ ብለው፣ "አንተ ሦስት ልጅ ታስተምራለህ። እኔ የማሳድገው ድመት ነው፤ እሷም ራሷን ችላለች" አለኝ። ተው፣ ተመለስ ማለት ሲገባኝ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አንደኛ፣ የልጆቹ ትምህርት ታየኝ። ሁለተኛ፣ የቤት ኪራዩ። ሦስተኛ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? እኔ ይሄን ስቆጥር እሱ ከግቢው ወጥቶ ሄዷል።

እኔን ወዲያው ቢጫ ሰደሪያ አልብሰው ፌርማታ ላይ አቆሙኝ። አረንጓዴ ሲበራ ግቡ፣ ቀይ ሲበራ ድገሙት እያልኩ ሰዉን አለማምዳለሁ። አንዲት እናት ማሽኑን "እግዜር ይስጥልኝ" ብለውት ሲገቡ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ። ሹፌሩ በመስታወት ስለተከለለ መውረድ የፈለገ ቁልፍ ይጫናል እንጂ አይጣራም። ማሽኑ አይከፋም፤ አይሳሳትም፣ አያመሽም፣ አያኮርፍም። ግን ዕቃ የከበደውን አያግዝም፤ ሳንቲም የጎደለበትንም "ግባ፣ ነገ ታመጣለህ" አይልም።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ዝርዝር ቤት ድረስ ሄጄ ነበር። ድመቷ ደጃፉ ላይ ተኝታለች። በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ፤ ምን ብዬ ልግባ?

ለእማዬ ሥራ ቀየረ ብቻ በያት፤ ሌላውን አታንሺባት፣ እንቅልፍ ታጣለች። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ በፈተናዋ ትበርታ፤ የትንሹንም ጉንጭ ሳሚልኝ። የእኔዎቹ ከነእናታቸው እጅ ይነሳሉ።

ወንድምሽ፣ ከፌርማታው አግዳሚ ላይ፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 14 ቀን ከሰዓት በኋላ።

የጋሽ ዝርዝር ውለታ አልተከፈለም።