ጋሼ ታምራት ሲኒማ ቤት የሚበሉት

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ግፊታቸው 172 በ95። ሁለቴ ለካሁ፤ ሁለተኛው ባሰ። እግራቸውም አብጧል። ካልሲውን ሳወልቀው የላስቲኩ ምልክት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቀረ። ትናንት ጠዋት ደህና ነበሩ። ከትናንት ወዲህ ምን ተገኘ?

ማሽኑን ጠረጠርኩ። በራሴ ክንድ ሞከርኩት። ማሽኑም ጤነኛ፣ እኔም ጤነኛ።

ደብተሬ፣ ምስክሬ ነሽና በደንብ ያዢልኝ። ቶራንስ ከተማ አሮጊት እየተንከባከብኩ እሠራበት የነበረው ቤት የአሮጊቷ ሐብል ጠፋ ተብሎ በእኔ ሲላከክ የምመዘው ወረቀት አልነበረኝም። ሐብሉ በኋላ ሶፋ ሥር ተገኘ አሉ። እኔ ግን ተባርሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን ሁሉ እጠረጥራለሁ።

ስለዚህ ይመዝገብ። የጋሼ ታምራት (ከእንግዲህ ጋ/ታ፣ እጄ ደክሟል) ሽሮ ያለ ጨው ነው። ምስሩም ያለ ጨው። ሁለቱ ኪኒኖች፣ ነጩ የግፊት፣ ቢጫዋ ውሃ የምታስወጣው፣ ጠዋት ከእጄ ተቀብለዋል። ሁዳዴ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ዶክተሩ አይጹሙ ብሏቸዋል፤ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው፣ ማንን ሊሰሙ። ኪኒኑን ብቻ፣ አባ ፈቅደውልኛል ብለው ይወስዳሉ።

ግፊቱ ያስቸገረው ጾሙ ሳይገባ ጀምሮ ነው። ይኼንንም ያዢ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 26። 10 ሰዓት

168። እግር እንደገና።

ሶስና ደወለች። የጋ/ታ አንድ ልጅ ናት፤ ፓሳዴና ቢሮ ትሠራለች። የቀጠረችኝም እሷ ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ እዚህ ፌርፋክስ አፓርታማቸው እመጣለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ እሷ ጋ ይሄዳሉ። እሑድ እሑድ ትለካቸዋለች፤ ሁሌ ደህና ነው። ቃሏ ይኸው፦ "ዘኒ፣ እኔ ጋ ሲሆን ኖርማል ነው፣ አንቺ ጋ ሲሆን ሃይ ነው። ሶ ምን እያበላሽው ነው?"

ምን እያበላሽው ነው!

ስልኩን ዘግቼ የጨው ዕቃውን ከኩሽና አወጣሁ፤ መኪናዬ ትራንክ ውስጥ ቆለፍኩበት። ጨው ካለ እንግዲህ ከውጭ ነው የሚመጣው። ታች ያለውን ምግብ ቤት ባለቤት ጠረጠርኩ፤ ጋ/ታ ደረጃውን ሲወርዱ ጋሼ ይቅመሱልኝ ማለት ይወዳል። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን የሚያገኟቸውን የማኅበር ሴቶች። ቀጥሎ ሶስናን ራሷን። አባቷን ለራሷ ቤት ልትጠቀልል ፈልጋ እንዳይሆን እኔን የምታዋክበው።

ሰኞ፣ ማርች 2። 11 ሰዓት

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ሲኒማ ነው። ወርሃዊ ካርድ አላቸው፣ የፈለጉትን ያህል ይገባሉ። ሰባት ሰዓት ላይ በር ላይ አወርዳቸዋለሁ፣ ገበያዬን እገዛዛለሁ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ እመጣለሁ። ስንመለስ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርኩልኛል። ትራፊክ ሲበዛ ደስ ይለኛል፤ ታሪኩ ይረዝማል።

ዛሬ ግን አልሰማሁም። አፍንጫዬ ሥራ ይዞ ነበር። ኮታቸው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ኮምጣጤ ብቻ አይደለም፣ እንስላልም አለበት። እጅጌያቸው ላይ አረንጓዴ ጠብታ። ምንድነው ብል፣ ሲኒማ ቤቱ የሚረጨው ሽቶ ነው አሉኝ። ዓይኔን ሳያዩ።

መጠጥ? አይጠጡም። ሴት? እንስላል የምትቀባ ሴት አላውቅም።

ከዚያ ቀኖቹን አሰብኳቸው። ማክሰኞ። ሐሙስ። ሁለቱም የሲኒማ ማግስት! ሰውየው እዚያ ጨለማ ውስጥ የሆነ ነገር ያደርጋሉ። ረቡዕ ተከትዬ እገባለሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 4። 12 ሰዓት

ያዝኳቸው!

በር ላይ አወረድኳቸው፣ መኪናዬን ፓርክ አደረግኩ፣ ትኬት ቆረጥኩ። ማስክ፣ ኮፍያ። አዳራሹ ውስጥ ስድስት ሰው ቢኖር ነው። እሳቸው መሀል ረድፍ መሀል ወንበር፣ እኔ ከኋላቸው ሦስተኛ ረድፍ። እጃቸው ባዶ። ፋንዲሻ የለም፤ ቅቤ አለበት፣ ጾም ነው። በየመሀሉ ስልካቸውን ብልጭ አድርገው ሰዓት ያያሉ፣ ያጠፋሉ። ሰው እየጠበቁ ነው አልኩ። በሩን ሳይ፣ እሳቸውን ሳይ፣ ፊልሙን ሳይ አንገቴ ተጣመመ።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አማተቡ። ከኮታቸው ኪስ ፕላስቲክ ከረጢት አወጡና በጥርሳቸው ቀደዱት። ፒክል! በጨው፣ በኮምጣጤና በእንስላል የተዘፈዘፈ ኪያር፤ የሕፃን ክንድ ያህላል። ውሃው አብሮት ከረጢቱ ውስጥ አለ። እዚያው ፋንዲሻው ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። ስገባ አይቼው፣ ማን ይሆን ሲኒማ ቤት ይኼን የሚበላው ብዬ አልፌዋለሁ። አኘኩ። ድምፁ እኔ ጋ ደረሰ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያኝኩት። በመጨረሻ ከረጢቱን አንጋጠው ውሃውን ጨለጡት። ጨዉን ሁሉ!

ፎቶ አነሳሁ፣ ለሶስና ላክሁ። ሥሩ ላይ "የእኔ ሽሮ አይደለም" ብዬ ጻፍኩ።

ደግሞ ይኼን ስሚ። ፊልሙ የተጣሉ አባትና ልጅ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ልጁ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ አለቀ። ቀድሜ ወጥቼ መኪናው ውስጥ ጠበቅኋቸው። ጋ/ታ ሲተርኩልኝ ግን ልጁ ከበር ተመለሰ፣ ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ። እንዴት ነው ነገሩ? እስከ ዛሬ ስንቱን ፊልም ከሆዳቸው ፈጥረው ነግረውኝ ይሆን? ይኼን የሚዋሽ ሰው ምን አይዋሽም?

ዓርብ፣ ማርች 6። 9 ሰዓት

ሶስና ትናንት ከሥራ በቀጥታ መጣች። ፎቶውን አሳየቻቸው። ካርዱን ከቦርሳቸው አውጥታ ወሰደች። ሲኒማ የለም፤ እስከ ፋሲካ፣ ምናልባትም ለሁልጊዜው። ጋ/ታ ይከራከራሉ ብዬ ነበር፤ ኮታቸውን አንስተው በሩ ኋላ ሰቀሉት። እኔን አቀፈችኝ፣ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዛሬ ጠዋት ስገባ "እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ዘነበች?" አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንቺ፣ አንቺ ልጅ፣ አንቺ ቀበጥ ሲሉኝ የኖሩ ሰው! ምሳ ላቅርብ ስል "እርስዎ እንዳሉ" አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ማርች 10። 3 ሰዓት

136። እብጠት የለም። ሶስና በቴክስት ስድስት ቀይ ልብ ላከችልኝ። ዲቴክቲቭ አለችኝ። እንግዲህ ፒክሉ ተፈረደበት።

ደስ አላለኝም ግን። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሰኞ፣ ማርች 16። 11 ሰዓት

134።

ፒጃማ ውስጥ ናቸው። አልተላጩም። ሰባት ሰዓት ሲል የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ፣ ከዚያ ግድግዳውን ራሱን። ቲቪው ላይ ፊልም ከፈትኩላቸው፤ እርስዎ ይዩ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሦስት ማንኪያ ሽሮ ቀመሱና ተዉት።

ለሶስና ነገርኳት። ይለምደዋል አለች፣ ቁጥሩ ቆንጆ ነው አለች። ቁጥሩማ ቆንጆ ነው። ሰውየው ናቸው እየጠፉ ያሉት። ወደ ቤቴ ወደ ፓልምስ ስመለስ መኪናው ጭር አለብኝ። ምን አጣደፈኝ? ቀስ ብዬ ለብቻቸው ብነግራቸው ምን ነበረበት?

ረቡዕ፣ ማርች 18። 8 ሰዓት

ኮቱ በሩ ኋላ ተሰቅሎ አሁንም ይሸታል። ላውንደሪ ልወስደው ኪሱን ፈተሽኩ። የውስጥ ኪሱ ውስጥ፣ በሲኒማ ቤቱ ናፕኪን የተጠቀለለ ነገር። ፈታሁት። ቢጫ ኪኒን። አንድ አይደለም፣ አሥራ ሁለት። ርሰው የደረቁ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ውሃ የምታስወጣው ናት። ጠዋት ከእጄ ሲቀበሉ ነጩን ይውጣሉ፣ ቢጫዋን ጉንጫቸው ሥር ይይዛሉ፤ እኔ ብርጭቆውን ላጥብ ስዞር ያወጧታል። እኔ! የጨው ዕቃ የምቆልፈው!

ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩሽ። ግፊቱ ያስቸገረው ጾሙ ሳይገባ ነው፤ ፒክሉ የመጣው ደግሞ በጾሙ ምክንያት ነው፣ በፋንዲሻው ፈንታ። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፣ አላየሁትም። ሲኒማው ሲቀር ግፊቱ የወረደው ኪኒኗን መዋጥ ስለጀመሩ ነው።

ናፕኪኑን ፊታቸው አስቀመጥኩት። ቀስ ብለው ነገሩኝ። ጃንዋሪ ውስጥ አንድ ቀን ቢጫዋን ውጠው ገቡ። ፊልሙ መሀል ሁለት ጊዜ ተነሡ፤ ከኋላ አንድ ሰው ቁጭ በል ብሎ ጮኸባቸው። ለሦስተኛ ጊዜ መነሣት አፈሩ። ተቀመጡ። መያዝ አቃታቸው። ኮቱን ከፊታቸው ይዘው ነው የወጡት። ያን ቀን የመኪናዬን ወንበር ኮካ ደፍቼበት ነው ብለውኝ፣ እያጉረመረምኩ አጥቤዋለሁ። ሰውን ሁሉ የምጠረጥር ሴትዮ፣ እሱን አምኜ።

ከዚያ ወዲህ በሲኒማ ቀን ቢጫዋ አትዋጥም። ለምን አልነገሩኝም ብል፣ ምን ብዬ ልንገርሽ አሉኝ። ለሶስና እንዳትነግሪ አሉ። ልጄ ይኼን ከምታውቅ ዕድሜ ልኬን ሲኒማ ይቅርብኝ። "ልንገርሽ"፣ "እንዳትነግሪ" እያሉ ከእርስዎ ወደ አንቺ ተመለሱልኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ። አልናገርም ብዬ ቃል ገባሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 19። 10 ሰዓት

ዶክተሩ ቢሮ ደውዬ ነርሷን ጠየቅኋት። ቢጫዋ ጠዋት መሆኗ ቀርቶ ከሰዓት በኋላ ብትሆንስ? ቆይ አለችኝ፣ ዶክተሩን ጠይቃ ተመለሰች። ይቻላል። ከሲኒማ ሲገቡ አሥር ሰዓት ላይ ይውሰዱ፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት። ፒክሉስ? እሱም ንጹሕ አይደለም አለች፤ ውሃው በጭራሽ፣ ከኪያሩ አልፎ አልፎ ቁራሽ። በቃ። ይኼ ሁሉ ጉድ በአንድ ስልክ ያልቅ ነበር።

ግን ካርዱ ሶስና ጋ ነው። እንድትመልሰው ግፊቱ ለምን እንደነበር ማወቅ አለባት። ኪኒን ይደብቁ ነበር ብላት፣ ለምን ትላለች። ለምን የሚለውን ለመናገር ደግሞ አፌ ታስሯል።

ኪኒን ሲዋጥ ማየት የማን ሥራ ነው? የእኔ። እንግዲህ አንድ ሰው መስጠት ረስቶ ነበር ማለት ይቻላል። ያ ሰው...

አይ። አይሆንም። ባልሠራሁት ጥፋት መባረርን አውቀዋለሁ። ያኔ ሌሎች ነበሩ የላከኩብኝ፤ አሁን በገዛ አፌ? መድኃኒት የረሳች ተብዬ ከወጣሁ በዚህ ከተማ የማንን ቤት አንኳኳለሁ? በዚህ ዕድሜዬ?

ዝም ብልስ። ግፊቱ ደህና፣ ሥራዬ ደህና፣ ሶስና ደስተኛ። ዝም ማለት እችላለሁ። ማንም አይጠይቀኝም።

ምሳ አልበሉም።

ዓርብ፣ ማርች 20። 11 ሰዓት

ሶስና እየመጣች ነው፤ ለቅዳሜና እሑድ ልትወስዳቸው። ሃያ ደቂቃ ብላለች።

ቅድም ልላጭ አሉ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እኔ ላጨኋቸው። ቆዳው ሳስቷል፣ በሁለት ሳምንት ፊታቸው ገብቷል። በመስታወቱ ውስጥ ያዩኛል፤ አደራ ለማለት አፋቸውን ይከፍታሉ፣ መልሰው ይዘጋሉ። እንደ ጥፋተኛ። እኔን ፈርተው! ምላጩን አስቀምጬ ፎጣውን ፊታቸው ላይ ያዝኩት፤ እንባቸውን እንዳላየሁ እንዲመስላቸው።

ያኔ ወሰንኩ። ብታባርረኝ ታባርረኝ። ለጋ/ታ አልነገርኳቸውም፤ ቢሰሙ እሺ አይሉም።

መኪናዋ ፓርክ ሲያደርግ ሰማሁ። አሁን ደረጃው ላይ ናት። ከበሩ ውጭ አስቆሜ፣ ሳልንተባተብ የምላት ይኼ ነው፦ ሶስና፣ ፒክሉ አይደለም። ከጃንዋሪ ጀምሮ ቢጫዋን ኪኒን በሳምንት ሦስት ቀን መስጠት የረሳሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለአባትሽ ካርዳቸውን መልሺላቸው፤ እኔን የምታደርጊኝን ግን—