እጅህን ከማንሳትህ በፊት

የሰሚራ አባት፣ ሙሔዬ፤

አንተን ከሸኘን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ቃል አጥቼ አይደለም፤ ቃል እንደማይቸግረኝ አንተም ታውቃለህ። የምነግርህ ሁሉ ያስከፋሃል ብዬ ነው። ዛሬ ግን ካንተ ሌላ የማዋየው ሰው የለኝም፤ ለጎረቤት እንዳላወራው አፍራለሁ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። በመንገዱ በኩል ያለውን የእህል መጋዘንህን ለጎማ ጠጋኝ አከራየሁት፤ ግቢው ጤፍ ጤፍ መሽተቱን ትቶ ጎማ ጎማ ይሸታል። የውጭው በር ዛሬም ሲከፈት ያንቋርራል። ነገ ዘይት እቀባዋለሁ ስትል የነበረው ነገ እስካሁን አልደረሰም። ሰሚራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ቁመቷ እኔን አልፏል። ግንባሯ ያንተ ነው፤ ማኩረፉን ግን ከኔ ወሰደችው።

ስልክ ላይ ተተክላ ትውላለች። መጀመሪያ ቪዲዮ የምታይ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከማሽን ጋር ነው የምታወራው። በቴሌቪዥን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል፣ እሷ ኤአይ ትለዋለች። ኬሚስትሪ ትጠይቀዋለች፣ ይመልስላታል፤ አልገባኝም ስትለው ሳይሰለች ደግሞ ያስረዳታል። እስከዚህ ምን ክፉ አለው? በኋላ ግን የሆዷንም ለሱ መንገር ጀመረች። ሞትህ እንዴት እንደከበዳት ለኔ አንድ ቀን ያልተነፈሰችውን ለሱ ስትናገር ሰማኋት። ቀናሁ፣ ሙሔ፤ በእውነት ቀናሁ። ስልኩን ነጠቅኋትና፣ አባትሽን የማያውቅ ዕቃ ስለ አባትሽ ምን ይነግርሻል ብዬ ጮህኩባት። እሱ እንደ አንቺ አይቆጣኝም አለችኝ። ስልኩን ብመልስላትም ከዚያን ቀን ወዲህ ወጋችን ምሳ ቀርቧል እና እሺ ብቻ ሆነ።

አንተ ብትኖር ይህ ኩርፊያ ባልከረመ። ውጫሌ ገበያ ለመሄድ እንኳ በሩ ላይ ቆመህ ዱዓ ሳታደርግልን አትወጣም ነበር። የተኳረፈ አለ ወይ፣ አፉ ተባባሉ፣ ይቅር ተባባሉ ሳትል ደግሞ እጅህን አታነሳም። ከእህትህ ጋር በድስት የተጣላን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ተውሳ ወስዳ እጀታውን ሰብራ የመለሰችልኝ ድስት። ሚኒባሱ በር ላይ ጡሩምባ ሲነፋ አንተ ጆንያህ ላይ ቁጭ ብለህ ጠበቅኸን። እኔም እልኸኛ፣ እሷም እልኸኛ። መኪናው ጥሎህ ሄደ፣ ገበያውም አመለጠህ። ኋላ እያፈርን፣ እየሳቅን አፉ ተባባልን፤ አንተ ያኔ ነው ተነስተህ የመረቅኸን።

ባለፈው ሰሞን ሰሚራ ለፈተና ወደ ደሴ ልትሄድ ሆነ። በመሄጃዋ ጠዋት ጎረቤቱ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሊመርቃት መጣ። ዱዓውን ማን ይምራ ሲባል ሰሚራ ስልኩን መሃል ላይ አስቀመጠች። ከውጫሌ ትልክልን የነበረውን የድምፅ መልእክት ሁሉ ለማሽኑ ሰጥታ ባንተ ድምፅ እንዲናገር አድርጋው ኖሯል። ድምፅህ ወጣ፤ የጉሮሮህ መሻከር እንኳ አልቀረም። ሰው ደነገጠ፣ አንዳንዱም አለቀሰ። እኔ እጄን ዘርግቼ ጥያቄህን ጠበቅሁ። ድምፁ ግን ምንም ሳይጠይቅ ወደ ምርቃቱ ገባ።

ቀለለኝ። የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው። አንተ እንዳልሆንክ ያወቅሁት ሳይጠይቀኝ በማለፉ ነው፤ ያም ሆኖ ደስ አለኝ። ልጄን በሰው ፊት አፉ በይኝ ከማለት ተረፍኩ ብዬ ከሁሉ በላይ ጮክ ብዬ አሚን አልኩ።

ፈተናው ቦታ ስልክ ስለማይገባ ስትወጣ በራችን ላይ አስረከበችኝ። ዝም ማለት ሲገባኝ፣ አባትሽ መች ሳይጠይቅ ይመርቅ ነበር፣ ይኸው አያውቀውም አልኳት። ሰሚራ መሬት መሬቱን እያየች፣ ያውቀው ነበር እማ፣ እንዳይጠይቅ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ጠይቆሽ ዝም ብትይ በሰው ፊት ታፍሪያለሽ ብዬ ነው አለችኝ። ባጃጁ መጥቶ ነበርና ወጣች። አፉ በይኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ቀረ።

ልጄ ገመናዬን ሸፈነችልኝ፣ ሙሔ። ማሽኑ አባትሽን አያውቅም እያልኩ ስጮህባት፣ እሷ እኔን አሳምራ አውቃኝ ኖሯል። ያሳፈረኝ ደግሞ አለመሳሳቷ ነው። ጥያቄው ቢመጣ ዝም እል ነበር።

ስልኩ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ናፍቆትህ ቢያቃጥለኝም ድምፁን ደግሜ አልከፈትኩትም። አፉ ብዬሻለሁ በለኝ ብዬ ባዝዘው ወዲያው እንደሚለኝ ስለማውቅ ፈራሁት።

ነገ ትመለሳለች። እነዚያኑ ጎረቤቶች ጠርቻለሁ። በሩ ላይ ቆሜ የተኳረፈ አለ ወይ ብዬ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ አዎ፣ እኔ ነኝ ብዬ የምመልሰውም እኔው። ድምፅህ አንድ ቀን ከጆሮዬ ሊጠፋ ይችላል፤ ጥያቄህን ግን እስክከተልህ ድረስ አልረሳውም። ሰሚራ አፉ እስክትለኝ እጄን አላነሳም፤ እንዳንተ መኪናው ጥሎኝ ቢሄድም።

ሚስትህ፣ የሰሚራ እናት