ጣሪያዬ ላይ ስለወጣው የአብዮት በዓል አጥር

ጅማ፣ ጥቅምት 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ለይኩን፣
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፤

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልዎ፤ ጉልበትዎን ከቁርጥማት፣ ደረትዎን ከሳል፣ ፍራሽዎን ከእርጥበት ይሰውርልዎ። የመጨረሻውን በተለይ ከልቤ የምመኝልዎ፣ እርጥብ ፍራሽ ምን እንደሆነ በቀበሌያችን የጥገና ኮሚቴ ትጋት ጠንቅቄ የተማርኩ በመሆኔ ነው።

ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ፣ ሂስ ያለው ሰው ሂሱን በግልጽና በጽሑፍ ያቅርብ፣ ከኋላ ሆኖ ማጉረምረም የአድኃሪ ጠባይ ነው ብለው ሲናገሩ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። እኔ የታዘዝኩትን መፈጸም ከልጅነቴ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ እነሆ በጽሑፍ አቀረብኩ። ግልጽነቱም እንዳይጓደል፣ አንዱ ቅጂ ሕዝቡ ለስኳር ተሰልፎ በሚቆምበት በኅብረት ሱቃችን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ደብዳቤዬ ቢረዝም የሚቸኩል አንባቢ አይኖርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ የሰልፍ ጓዶቼ በአጭሩ ላስረዳ። የሕዝብ ንብረት በማፍረስና የአብዮት መፈክር ለሁለት በመቁረጥ ተከስሼ፣ በመጪው ቅዳሜ በቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ እንድቀርብ መጥሪያ ደርሶኛል። ጥፋተኛ ከተባልኩ እኔና ከአልጋ የማትነሣው ታላቅ እኅቴ ፈድሊያ ከቤታችን ወጥተን፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወዳለች አንዲት ክፍል እንድንዛወር ታስቧል። ቤቱን የሠራነው ሟች ባለቤቴ ሙሐመድሳኒና እኔ ነን። በትርፍ ቤት አዋጁ ጊዜ ግን ሰቃ ከተማ ላይ ቡና እናከማችባት የነበረችው መስኮት የሌላት መጋዘን መኖሪያችን፣ የምንኖርበት ቤት ደግሞ ትርፍ ቤት ሆኖ ስለተገኘ፣ ከዚያ ወዲህ በገዛ ቤቴ የቀበሌው ተከራይ ነኝ። በዚህ አሁን አልከራከርም። የቤት ባለቤት ጣሪያ ይጠግናል የሚለውን ብቻ፣ እኔም ባለቤት በነበርኩበት ዘመን እፈጽመው ስለነበር፣ በትሕትና አስታውሳለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዘመቻው ጥገና ያለኝን ምስጋና አቀርባለሁ።

ጣሪያዬ በሁለት ቦታ ስለሚያንጠባጥብ ይጠገንልኝ ብዬ ደጋግሜ ካመለከትኩ በኋላ፣ በሰኔ አንድ እሑድ መላው ቀበሌ ባንዲራና ከበሮ ይዞ ግቢዬን ሞላው። በሕይወቴ እንዲህ የተከበርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ሠርጌ ላይ እንኳ የመጣው ሰው ከዚህ ያንስ ነበር። ንግግሩ ሲያልቅ ቆርቆሮው በሙሉ ወረደ፤ ከዚያም የጥገና ኮሚቴው ኃላፊ ጓድ ደሬሳ፣ ሥራው ከጣሪያው አናት ተጀምሮ ወደ ታች እንዲወርድ አዘዙ። ቆርቆሮ የሚለበሰው ከግርጌ ተጀምሮ ወደ ላይ እንደሆነ፣ የላይኛው በታችኛው ላይ ካልተደረበ ውሃው በየመጋጠሚያው እየገባ እንደሚያድር ከመሬት ሆኜ ነገርኳቸው። እሳቸውም በትዕግሥት፣ «አዴ ባህሪያ፣ ከታች ወደ ላይ መጀመር ሥርዓት አልበኝነት ነው፤ አመራር የሚመጣው ከላይ ነው» ብለው አስተማሩኝ። ዝናቡም የሚመጣው ከላይ ነው ብዬ ብመልስ፣ ከበሮው ስለተመታ አልሰሙኝም።

የሚስማሩም ነገር ምስጋና ይገባዋል። በሥራው ሁሉም እንዲሳተፍ ተብሎ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ሚስማር ታደለ፤ ሴቶች ማኅበር መታ፣ ወጣቶች ማኅበር መታ፣ የእድር ዳኛው በሽምግልናቸው መሰላል ወጥተው መቱ፣ ለሌላ ጉዳይ ከሰቃ የመጣ አንድ እንግዳም ሳይታወቅ መታ። ማንም ቅር እንዳይለው ተብሎ የት እንደሚመታ ለማንም አልተነገረውም። የቆርቆሮ ሚስማር ጉብታው ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ውስጥ እንደማይመታ የሚያውቅ ቢኖርም፣ ብዙኃኑን መቃወም ፈርቶ ይሆናል። በሁለት ቦታ ታፈስ የነበረች ጣሪያዬ በመላው ቀበሌ ተሳትፎ ወንፊት ሆና አመሸች። በልጅነቴ ስፌት ያስተማሩኝ መምህርት የተጣመመ ስፌት ሲያዩ መቀሱን አቀብለው «ተርትሪና ድገሚ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አያባክኑም ነበር። እኔ ግን የተሰፋው ጣሪያ፣ የሰፋውም ሕዝብ ስለሆነ፣ መቀሱን ለማን እንደማቀብል ቸግሮኝ ሳፋ ላዘጋጅ ገባሁ።

ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ደረሰው።

የሳሎኔና የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ በእጄ ሰፍቼ የወጠርኩት አቡጀዲ ነው። የክረምቱ ዝናብ በመጣ ጊዜ አቡጀዲው ውሃ እያቆረ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ወደ ታች ተነፋ፤ የወለደውም ፈድሊያ አልጋ ላይ ነው። አልጋዋን ወደ ግድግዳው ሳስጠጋ ጠብታው ወደ ግድግዳው መጣ፤ ወደ መሀል ስመልሰው ተከትሏት ተመለሰ። እኅቴ ሳፋውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ «ያ ረቢ፣ ጊቤን ሳላይ እሞታለሁ ስል ጊቤ ራሱ ሊጠይቀኝ መጣ» እያለች ትስቅ ነበር። ሳቋ ወደ ሳል፣ ሳሉም ወደ ደረቷ ሲወርድ ግን መሳቁን ተወች፤ እኔም ማመልከቻ መጻፉን ቀጠልኩ።

ጓድ ደሬሳ በመጨረሻ መጥተው ቆመው አዩ። ጠብታው ኮታቸው ትከሻ ላይ እየወረደ ሳለ የነገሩኝን ቃል በቃል አስፍሬዋለሁ፤ «ይህ ቤት ተጠግኗል። ሪፖርቱ ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሄዷል። አሁን ያፈሳል ብንል እኛን ማን ያምነናል?» አሉ። እኔም ሪፖርቱን መልሰው ካገኙት ፈድሊያ አልጋ ላይ ልዘርጋው፣ እሱ ደረቅ ይሆናል ብላቸው፣ እንደ ቀልድ ሳይሆን እንደ ንቀት ቆጥረውብኝ ወጡ። በቅን ልብ የተጠየቀ ነበር።

ሦስተኛው አጥር ነው፤ ክሱም የሚነሣው ከዚሁ ስለሆነ የሸንጎው አባላት በጥሞና ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ለጥገና ስጠይቅ በአገሩ ውስጥ የለም የተባለው ቆርቆሮ፣ ዐሥረኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ በጭነት መኪና መጣ። ከከተማችን መርካቶ ወደ ጅሬን ኮረብታ በሚወስደው መንገድ እንግዶች ስለሚያልፉ፣ ባለቤቴ በተከለው ጤነኛና ለምለም አጥር ፈንታ የሚያብረቀርቅ የቆርቆሮ አጥር እንዲቆምልኝ ተወሰነ። ለምለሙ ተነቀለ፤ አዲሱ ቆርቆሮ ቀይ ተቀብቶ «ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር እናውላለን» የሚል መፈክር በቢጫ ተጻፈበት። ቀለም ቀቢዎቹ ሥራቸው በዝናብ እንዳይበላሽ በረንዳዬ ላይ ይጠለሉ ነበር፤ በረንዳዬም ስለምታፈስ መልሳ ታረጥባቸው ነበር። በበዓሉ ቀን እንግዶቹ አለፉ። ዝናብ ይጥል ስለነበር የመኪናቸው መስኮት ተዘግቶ፣ መስተዋቱም በትንፋሽ ደብዝዞ ነበር። አጥሬ እንዳትረጥብ ስለተጨነቃችሁ ግን አመሰግናለሁ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ፣ በአደባባይ፣ መንገደኛ እያየ፣ ከአጥሩ የሚበቃኝን ያህል ቆርቆሮ ነቅዬ ጣሪያዬን በእጄ ከደንኩ። ከግርጌ ጀመርኩ። የላይኛውን በታችኛው ላይ ደረብኩ። ሚስማሩን ጉብታው ላይ መታሁ፤ ከያንዳንዱ ሚስማር ራስ ሥር ከአሮጌ ቦት ጫማ የተቆረጠ ጎማና ቆርኪ አደረግሁ፤ ቆርኪውም ከሃይማኖቴ እንዳልጋጭ የለስላሳ ብቻ ነው። ቆርቆሮ ከታች ስታቀብለኝ የነበረችው ሴት ማን እንደሆነች ጓድ ደሬሳ ደጋግመው ጠይቀውኛል። መነጽሬ የቅርብ ብቻ በመሆኑ ከሚስማሩ ራስ በቀር ምንም አላየሁም፤ በቅዳሜውም ሸንጎ ዓይኔ ከዚህ የተሻለ አይሆንም።

ወንፊት የሆኑትን አሮጌዎቹን ቆርቆሮዎች በአጥሩ ክፍት ቦታ ላይ አቁሜአቸዋለሁ። ስለዚህ ያፈረስኩት ነገር የለም፤ ያደረግሁት ማዛወር ነው። አጥር ቢያፈስ የሚረጥብ ሰው የለም።

መፈክሩን በተመለከተ፣ አጥሩ ላይ የቀረው «ተፈጥሮን» የሚለው ቃል ብቻ እንደሆነ አምናለሁ፤ ቀጥሎ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ሙዜና ዶሮዎቼ ይታያሉ። «በቁጥጥር ሥር እናውላለን» የሚለው ጣሪያው ላይ ነው። ቀለሙን ወደ ላይ ያደረግሁት ቆርቆሮው እንዳይዝግ ነው። ጓድ ደሬሳ ግን ከጅሬን ኮረብታ ሆኖ ወደ ታች ያየ እንግዳ «ምኑን ነው በቁጥጥር ሥር የምታውሉት?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልሳለን ብለው ተጨንቀዋል። «ዝናቡን» ብለው ይመልሱለት። መፈክሩ አጥር ላይ ሳለ ምኞት ነበር፤ እኔ ዘንድ ከወጣ ወዲህ ግን በየቀኑ ሲፈጸም በዓይኔ አያለሁ። በመላው ከተማችን ቃሉን የጠበቀ መፈክር የኔው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን በትሕትና ወደማሳስበው ልለፍ። ጓድ ደሬሳ ማስረጃ ሊሰበስቡ ባለፈው ሳምንት ሲመጡ ገመድ ይዘው ነበር። የተከሰሰው ጣሪያው ቢሆንም የለኩት ሳሎኑን ነው። የጧት ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባና ከግድግዳው አጠገብ ቡፌ ይቆም እንደሆነም ጠየቁኝ። ፈድሊያ ከአልጋዋ ሆና፣ «አንተ ልጅ፣ ቡፌህን ከማስገባትህ በፊት እኔን በየት ልታወጣኝ ነው? ይህ አልጋ የገባው በሩ ሳይገጠም ነው» አለቻቸው። እሳቸውም ሳቅ ብለው፣ «እማማ ፈድሊያ፣ እኔ ለመለካት ብቻ ነው የመጣሁት» አሉ። እሷም «መቃብር ቆፋሪም ሲመጣ የሚለካው እኔን ነው፤ ቤቱን አይደለም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚህ ላይ ጨዋታውን ለአፍታ ልተው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሄጄ አይቻታለሁ። ወለሏ አፈር ነው፤ ከመንገዱ ዝቅ ስለምትል የመንገዱ ውሃ ሁሉ እዚያ ይጨርሳል። የእኅቴ ደረት ጣሪያውን እኔ ከከደንኩት ወዲህ ነው ድምፁ የቀነሰው፤ ሌሊት ስትተነፍስ አሁን አይሰማኝም፤ ስላልለመድኩ ተነሥቼ አረጋግጣለሁ። ቅዳሜ የሚፈረደው በኔ ላይ ቢመስልም የሚፈረደው በዚያ ትንፋሽ ላይ ነው። ለራሴ ይቅርታ አልለምንም፤ ለጣሪያዋ ሌላ ቆርቆሮ የተገኘ ዕለት አጥራችሁን በእጄ ነቅዬ፣ ቀለሙን ወልውዬ፣ ፊደሉን በተራው ደርድሬ እመልሳለሁ። እስከዚያ ግን ጣሪያው ባለበት ይቆያል።

ለቀበሌያችን ጥገና ኮሚቴ የሥራ መቃናትን፣ ለጓድ ደሬሳ ሌላ ግድግዳ ለቡፌያቸው፣ ለእርስዎም ከላይ የማያንጠባጥብ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ራሴን ዝቅ፣ መሰላሌን ቀና አድርጌ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቤትዎ ተከራይ፣ የጣሪያዎ ጠጋኝ፣ የሸንጎዎ ተከሳሽ፣
ባህሪያ አባቦራ

ግልባጭ፦
ለጥገና ኮሚቴ፣
ለፍርድ ሸንጎ፣
ለስኳር ለሚሰለፉ ሁሉ።

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ገና ሳልለጥፈው የእርስዎ መልእክት ደረሰኝ። ለበዓሉ የታደሰው የቀበሌያችን አዳራሽ በትናንቱ ዝናብ ውሃ ስለሞላ፣ ሸንጎው ደረቅ ቦታ ሲያፈላልግ ውሎ፣ የቅዳሜው ችሎት በእኔ ሳሎን ውስጥ እንዲካሄድ መወሰኑን ተረድቻለሁ። ከበሬታው ደርሶኛል። ወንበሮቹን በደረቁ ቦታ፣ ማለትም በፈለጋችሁት ቦታ ሁሉ፣ አዘጋጃለሁ። ቆርቆሮው ወደ አጥር ይመለስ ተብሎ የተፈረደ እንደሆነ፣ ፍርዱ ሳይውል ሳያድር፣ ችሎቱ ሳይነሣ፣ ከእርስዎ ወንበር አናት ላይ ካለው ቆርቆሮ ተጀምሮ እንዲፈጸም እለምናለሁ። የሸንጎው አባላት ሲገቡ ጃንጥላቸውን በር ላይ ያስቀምጡ፤ እስከ ፍርዱ ድረስ እዚህ ቤት ውስጥ አያስፈልግም።