ነጥብ ስምንት ቀሚስ

ለምትናፍቂኝ የእህቴ ልጅ፣ ለአዲሲቷ መምህርት፤

እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? የእናትሽስ ጉልበት ተሻላት? ባልሽስ ማንኮራፋቱን ቀነሰ ወይስ አሁንም ጎረቤት ይቀሰቅሳል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ከሁሉ በፊት ግን ክስ አለኝ። የላክሽልኝ ሱሪ አንድ ስንዝር ይረዝማል። አጎትሽን ቀጭኔ አድርገሽ ነው እንዴ የምታስታውሺው? ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ስጠርግበት ሰነበትኩ፤ ጠራጊዎቹ ሥራችንን ሊቀማን ነው ብለው ፈርተዋል።

«ታዲያ ለምን አታሳጥረውም?» ትዪኝ ይሆናል። ነገሩ እዚያ ላይ ነው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ተማሪዬ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከማስተምራቸው ጎልማሶች አንዱ። ባለፈው ሳምንት ጥያቄ ሰጠኋቸው፤ አንድ ቀሚስ ሁለት ሜትር ተኩል ከፈጀ፣ ከአሥራ ሁለት ሜትር ጨርቅ ስንት ቀሚስ ይወጣል? የእኔ መልስ አራት ነጥብ ስምንት ነው። እሱ «አራት፤ ሁለት ሜትር ይተርፋል» ብሎ ጻፈ። ኤክስ አደረግኩበት። «ምነው?» ቢለኝ፣ አፌ መች ያርፋል፣ «ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ቆርጠህ ማካፈል አቃተህ?» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሱ ደብተሩን አጠፈና «ነጥብ ስምንቱን ቀሚስ ማን ይለብሰዋል፣ መምህር?» ብሎኝ ወጣ። እንደወጣ ቀረ።

ልጄ፣ ትክክል መሆኑ የገባኝ እዚያው ነው። ግን ሳቁ ጣመኝ። እንደ እኔ ከዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሞ የተማረ ሰው፣ እንዳይነቃበት ሲፈራ እንዲህ ክፉ ይሆናል ለካ። «ተማሪ አታሳቅቂ» ብዬ አንቺን ስመክር የነበርኩትም እኔው ነኝ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው። ቁጭ ብድግ እላለሁ፤ ይህን ደብዳቤ እንኳ ሦስት ጊዜ ጥዬው ተነስቻለሁ። ሁለት ቀን ሱቁ ደጃፍ ድረስ ሄጄ፣ የስፌት መኪናውን ድምፅ ስሰማ ዞሬ ተመለስኩ። ለእሱ ለብቻው ብነግረው ይበቃል ወይስ የሳቁት ሁሉ ባሉበት? አንቺ ብትሆኚ…

በር ተንኳኳ። በመስኮት ባይ እሱ ራሱ ነው! ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዟል። ሱሪዬን ሊለካ ይምጣ ወይ እኔን፣ እንጃ። እናትሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አንኮራፊውን ሰላም በይልኝ፤ ሕፃኗን ልጅሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ።

«ተሳስቻለሁ፤ ይህንኑ ነገ በክፍሉ ፊት እደግመዋለሁ።» ይኸው በወረቀት ወጣልኝ። አሁን በአፌ ልሞክረው።

አጎትሽ
ከመስኮቱ ሥር፣ ኅዳር 12 ቀን