ከጋወኔ የቆረጥሁት የማጥቢያ መሸፈኛ

ታኅሣሥ 2፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ለካሁ። ወርድ 90 ሳ.ሜ፣ ቁመት 70። ጠርዙን ሁለቴ አጠፍሁ፣ በስፒል ያዝሁ። የስፌት መኪናዋ ክር ትበጥሳለች። ዘይት አጠጣኋት፣ አሁንም ትበጥሳለች። እንደ እኔ አርጅታ ነገረኛ ሆናለች።

የምሰፋው የማጥቢያ መሸፈኛ ነው። አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ደረትንም ሕፃንንም ይጋርዳል። የጎረቤቴ የወ/ሮ ዘሀራ ልጅ ከጅዳ ስትመለስ ይዛ የመጣችውን አይቼ ነው። ለምራቴ ለዘነቡ። ዘነቡ ግን ቤት የለችም። ከትናንት ወዲያ ልጇን ሶስናን ታቅፋ አምባሰል፣ እናቷ ዘንድ ሄደች። ክፍሏ ውስጥ የሶስና አንድ እግር ካልሲ ወድቋል። አላነሣሁትም።

ለምን እንደሄደች ነገ እጽፍልሃለሁ፣ ደብተሬ። ዛሬ ስፌት ብቻ።

ታኅሣሥ 3

ነገ ብያለሁና ይኸው።

ኅዳር 21 የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ነበር። አሥራ ስምንት ሰው። የንስሐ አባታችንም አሉ። ዳቦው ተባርኮ ተቆርሷል፣ ጠላ እየተቀዳ ነው። ሶስና አለቀሰች። የአራት ወር ልጅ ናት፤ ስትራብ አትለምንም፣ ታዝዛለች። ዘነቡ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች ጡቷን አውጥታ አጎረሰቻት። እንደ አገሯ። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። እኔ ነኝ ያየሁ። ብድግ ብዬ ነጠላዬን በላይዋ ላይ ወረወርሁና፣ እዚህ የአምባሰል ገደል አይደለም፣ ሰው ተቀምጧል፣ ሰብሰብ በይ አልሁ። ጮክ ብዬ። ሠላሳ አራት ዓመት ባስተማርሁበት ድምፅ። ወ/ሮ አስካለ ሳቀች። ዘነቡ ልጅቷን ከነነጠላዬ አቅፋ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት አላጠባችም። ጎረቤት እሳት ልትጭር ብትመጣ እንኳ እንግዳዋ እስክትወጣ ትጠብቃለች። ሶስና ታለቅሳለች፣ እሷ ታወዛውዛታለች። እኔ ደግሞ እያየሁ፣ አሁን ሥርዓት ያዘች እላለሁ በልቤ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይሞቃል።

በአምስተኛው ቀን የቀኝ ጡቷ አበጠ። ድንጋይ ሆነ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ። ጤ/ጣቢያ አብሬ ሄድሁ። ነርሷ ወተት እየተጠራቀመ ነው አለች፤ ለምን ቶሎ ቶሎ አታጠቢም ብላ ጠየቀቻት። ዘነቡ ወለሉን አየች። ወደ እኔ ቀና ብላ ብታይ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ ዳንኤል ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚመጣ። ያን ሰሞን ፈቃድ ጠይቆ መጣ። ትኩሳቱ ሲበርድላት ይዟት ሄደ። እኔን፣ እማዬ፣ ትንሽ ትረፍ አለኝ። ክፉ ቃል አልወጣውም። ከሱ ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በክር ይታሽ እንደሆነ እየሞከርሁ ነው።

ታኅሣሥ 6፣ ከ.ሰ 9 ሰዓት

የመጀመሪያው አለቀ። አረንጓዴ፣ አበባ ያለበት፣ ከመጋረጃ የተረፈ ፖሊስተር። አንገቴ ላይ አጠለቅሁት። ትራስ ታቀፍሁ። ከውስጥ ምን እንደሚመስል ልይ ብዬ ጭንቅላቴን አስገባሁ። ሙቀት! ትንፋሼ ተመልሶ ፊቴን መታኝ። እኔ ትልቋ ሴትዮ ያልቻልሁትን ሶስና ልትችል ነው?

ዘሀራ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገባች። ጭንቅላቴ ጨርቅ ውስጥ፣ ትራስ ደረቴ ላይ። ወላሂ ትራስ ስታጠባ አማት ያየሁት ዛሬ ነው ብላ ተቀመጠች፤ እስኪያልባት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከኅዳር 21 ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ።

ከዚያ ጨርቁን አገላብጣ አየችው። አምስት ልጅ አጥብታለች፣ ሁሉንም በሻርፗ ሥር። ይሄ ለሰው ዓይን የተሰፋ ነው፣ ለልጅ አልተሰፋም አለችኝ። ሕፃን የእናቱን ዓይን እያየ ነው የሚጠባ። እናትም ካላየችው አታውቀውም፣ ይንቃ፣ ይተኛ፣ ይታፈን። የጨርቁ አንገት ላይ ጠንካራ ነገር አስገቢበት፣ ቀስት ሆኖ ከደረት ይራቅ፤ ከላይ እናት ቁልቁል ትያት፣ ከፊት ሰው አይያት። እሷ ገበያ ላይ ልብስ ትሸጣለች፤ ቦንዳው የሚታሰርበትን የፕላስቲክ ጥብጣብ ላመጣልሽ ነው አለች።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ አብሽሪ፣ ከምትናገር አማት የምትሰፋ አማት ትሻላለች አለችኝ። ከተማችን ሐይቅ በሙሉ ሰምቷል ማለት ነው።

ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት

ጥብጣቡ መጣ። ቢጫ፣ ጣት የሚያህል ስፋት። 40 ሳ.ሜ ቆረጥሁ፣ ጫፉ እንዳይወጋ በሻማ አቀለጥሁት። አንገቱ ውስጥ አስገባሁት። ቆመ! ቁልቁል ሳይ ትራሱ ይታየኛል። የቀረው ጨርቁ ነው። ጥጥ ያስፈልጋል። ነጠላዬን አወጣሁ። ያንን ነጠላ። መቀስ አልነካውም አለኝ። መልሼ አጠፍሁት።

ያው ቀን፣ ከ.ሰ

ዳንኤል ደወለ። ከአምባሰል መመለሱ ነው። ሶስና ደህና ናት። የዘነቡ የቀኝ ጡት ግን ደረቀ። ልጅቷ ባበጠ ጊዜ እምቢ ብላ ነበር፣ አሁን ቢሰጧትም የለም። በግራው ብቻ አልጠግብ ብላ የላም ወተት ጀምረውላታል።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ። እሱ አጽናናኝ። አታስቢ እማዬ፣ እንዳንቺ ሆነች ማለት ነው፤ አንቺም ወተትሽ ደርቆ እኔን በላም ወተት አሳድገሽ የለ፣ ምን ሆንሁ አለኝ። በቀስታ። እኔን ላለማሳዘን።

ስልኩን ዘጋሁ። የስፌት መኪናዋ ፊት ቁጭ ብዬ መንኮራኩሩን በባዶ አዞርሁት።

ታኅሣሥ 10፣ ንጋት

ደብተሬ፣ ላንተም ዋሽቼሃለሁ። ዳንኤል የተወለደበት ዓመት ደብተር እዚያ ሣጥን ውስጥ አለ፤ እሱም ላይ ወተቴ ደረቀ ብዬ ጽፌያለሁ።

አልደረቀም። ከወሊድ ፈቃድ ተመልሼ ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጡቴ ይሞላል። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ቆይቼ ዞር ስል ጋወኔ ፊት ለፊቱ ረጥቧል። ሁለት ክብ። ልጆቹ ሳቁ። ር/መምህሩ በመስኮቱ አጠገብ ያልፍ ነበር፣ እሱም ፈገግ አለ። በቃ ይሄው ነው። ማንም የሰደበኝ የለም። ቤቴ ከት/ቤቱ ዐሥር ደቂቃ አይሆንም፣ በእረፍት ሰዓት እየሄድሁ ማጥባት እችል ነበር። እንዲያው ሰው እንዳያየኝ ብዬ ደረቴን በመቀነት ጠፍንጌ አሰርሁ። ለሁለት ሳምንት ያማል፣ ከዚያ ይተዋል። ልጄ አፉን ከፍቶ ደረቴን ሲፈልግ ጡጦ አጎረስሁት። ለእናቴ ደረቀ አልኋት። እናቴ አጥሚት እያቀረበች፣ ስለት እየተሳለች፣ አምናኝ ሞተች።

ይኸው ሌላም አለ። ያን ቀን በማኅበሩ መካከል ዘነቡን ሳይ አላፈርሁም። ቀናሁ። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ እሷ ማንንም ሳትፈራ፣ ልጅቷ ጉልጭ ጉልጭ ስታደርግ። ለኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት የከበደኝን ነገር በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ አደረገችው። ይህን ነው በነጠላ የሸፈንሁት።

ታኅሣሥ 11

ጋወኑን ከሣጥን አወጣሁ። ጡረታ ስወጣ ያስቀመጥሁት የመጨረሻው ነው፣ ያ የረጠበው አይደለም። ግን ያው ጋወን ነው፤ ጥጥ፣ ብዙ ታጥቦ የለሰለሰ፣ ትንፋሽ የሚያሳልፍ። የጠመኔ ሽታ አሁንም ኪሱ ውስጥ አለ። አስር ጊዜ ለካሁ። ቆረጥሁ። ጀርባው ለመሸፈኛው በቃ። ከኪሱ የሕፃን አፍ መጥረጊያ ወጣ። መኪናዋ ዛሬ አንድም ክር አልበጠሰች፣ ጉድ ነው።

ታኅሣሥ 15፣ ምሽት

አምባሰል ደርሼ ተመለስሁ። እግሬ አብጧል።

በሚኒባስ እስከ ውጫሌ። ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዳገት። ውቂያ ላይ ደረስሁ። አውድማው ላይ ወንዶቹ በሬ ይነዳሉ፣ ጤፍ ይገለበጣል፣ ገለባው ዓይን ያጠፋል። ዘነቡ ከጭዱ ክምር ሥር ጥላ ይዛ ተቀምጣ ታጠባለች። ያለ ምንም። ወንድሟ መንሹን ተደግፎ ያናግራታል። አንድ ሽማግሌ መጥተው ልጅቷን ግንባሯን ስመው ሄዱ። የሚያይ የለም፣ የማያይም የለም። እኔ ብቻ ቦርሳዬን እንደ ሌባ ይዤ ቆሜ።

እናቷ ሮጠው መጥተው ሳሙኝ። አንድ ቃል አልወቀሱኝም፤ የጾም ነው እያሉ ሽሮውን፣ ቆሎውን ደረደሩልኝ። ሳትበላ ሄደች እንዳይባል ጎረስሁ።

ሶስና በግራ በኩል ጠባች። ስትጨርስ ወደ ቀኝ ዞረች፣ ፈለገች፣ ተወች፣ አለቀሰች። ዘነቡ ከጎኗ የላም ወተት ያለበትን ኩባያ አነሣች። ይህን አየሁት። ማየት ነበረብኝ።

መሸፈኛውን ማውጣት አፍሬ ቦርሳዬ ውስጥ ስደባብሰው ዘነቡ ምንድነው እማማ አለችኝ። ሰጠኋት። አጠለቀችው፣ ሶስናን ከሥሩ አስገባች፣ በአንገቱ ቁልቁል አየቻትና ሳቀች። ይታየኛል አለች። ልጅቷም ከውስጥ ሳቀች መሰለኝ። ከዚያ አውልቃ በደንብ አጠፈችው፤ እዚህ የምሸሸገው ሰው የለም፣ ለመንገድ ይሆነኛል አለች።

ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ቀደመችኝ። ቃሏን እንዳለ ልጻፈው፤ «አልተቀየምሁም እማማ። ግን ያኔ የነገሩኝ ለብቻዬ አልነበረም።»

በቃ። ምን ትጨምርበታለች?

ታኅሣሥ 18

ሦስት ቀን ጉልበቴን እያሸሁ ቃሏን አመነዥጋለሁ። ልክ ናት። እኔ አሥራ ስምንት ሰው ፊት አዋርጄ በጓዳ በኩል ጨርቅ ይዤ ሄድሁ። ሕፃን ተማሪ እንኳ ይህን ዘዴ ያውቃል።

የዚህ ወር ማኅበር ወ/ሮ አስካለ ቤት ነው። የሳቀችዋ። እነዚያው ሰዎች፣ እኒያው አባት። ለዘነቡ ደወልሁ። እንድትመጣ ለመንኋት፣ ሰው ፊት የምናገረው አለኝ አልኋት። እሺ አለች። ለዳንኤልም ደወልሁ፣ ፈቃድ ይጠይቅ፣ ይዟት ይምጣ፣ እሱም ይቀመጥ። ምንድነው እማዬ አለ። ስትመጣ ትሰማለህ አልሁት።

ታኅሣሥ 20

ንግግር ጻፍሁ። ቀደድሁ። አፍ አመለጠኝ፣ ይቅር በሉኝ የሚል ነበር። አላመለጠኝም። ሌላ ጻፍሁ፣ ለሥርዓት ብዬ ነው የሚል። እሱም ውሸት። ምክንያቱን ሳልናገር ይቅርታ ብጠይቅ ሁሉም ደግ አማት ብለው ይመርቁኛል፣ ተመርቄ ቤቴ እገባለሁ። ዘነቡም የአንዲት ቁጡ አሮጊት ነገር ነው ብላ ትተወዋለች። ጡቷ የደረቀው ግን በቁጣዬ አይደለም፣ በምቀኝነቴ ነው። ያንን ለማስረዳት ደግሞ ከሥሩ መጀመር አለብኝ።

ከሥሩ ከጀመርሁ ዳንኤል ይሰማል። የሚያስፈራኝ እሱ ብቻ ነው። አስካለ ትሳቅ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴ አጥታ ነው የከለከለችኝ ብሎ ሲያዝንልኝ የኖረ ልጅ ነው። እያላት ከለከለችኝ ሲል ፊቱ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ባልናገር ግን ሶስናም ስታድግ፣ የአያቴም የእናቴም ወተት ደረቀ፣ የዘር ነው እያለች ታወራለች።

ታኅሣሥ 21፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ነጠላዬን ለብሻለሁ። ያንኑ።

ዘሀራ በአጥሩ በኩል አየችኝና የት ነው አለችኝ። ማኅበር አልሁ። ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ አላህ አንደበትሽን ያቅናው ብላ ገባች።

ወረቀት አልያዝሁም። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ በቃሌ አጥንቻለሁ፣ ቀሪው ከሷ ኋላ ይመጣል።

ባጃጅ በራፉ ላይ ቆመ። ዳንኤል ቀድሞ ወረደ፣ ሶስናን ተቀበላት። ዘነቡ ወረደች። መሸፈኛው አንገቷ ላይ ነው፣ መንገድ ላይ አጥብታበት ይሆናል። ቢጫው ጥብጣብ በአንድ ጎን ወጥቷል፣ ደህና አልሰፋሁትም። ስንመለስ አስተካክለዋለሁ።

ዳንኤል እማዬ ይለኛል። እየሳቀ። መጣሁ አልሁት።

ዓረፍተ ነገሯ ይህች ናት፤ ወተት ነበረኝ።