የእትዬ ረሂማ ፌስታል

ሱሀይላ እህቴ፣

ደሴ ጉም ለብሳለች፤ ብርዱ አይጣል ነው። ዛሬ ጠዋት ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ ካረፍኩበት ቤት ፊት ለፊት፣ ቦዩ ውስጥ የቆሻሻ ፌስታል ተገኘ። የሰፈሩ መረዳጃ ቅሬ ዳኛ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሰው በተሰበሰበበት ፈታው። የመድኃኒት ካርቶንና የአዛውንቷ ጎረቤት የእትዬ ረሂማ ስም ያለበት የክሊኒክ ወረቀት ወጣ። በሽታቸውን ጎረቤት ሁሉ አነበበው። ከዚያ «ቦይ ውስጥ የጣለ ቆሻሻው ደጁ ላይ ይዘርገፍ» በሚለው የቅሬው ደንብ መሠረት ቆሻሻውን በራቸው ላይ ዘረገፈው።

«የቆሻሻ ገንዳው ዳገት ላይ ነው ልጄ፤ ጉልበቴ አላደርስ አለኝ» አሉ።

«ለገበያ ሲሆን ማን ይቀድምዎታል?» አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ። እሳቸው አጎንብሰው አንድ በአንድ ለቀሙት። እኔም ቆሜ አየሁ እንጂ አላገዝኳቸውም።

እኛም ኮምቦልቻ ይህንኑ ደንብ ስናወጣ እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ባለፈው ክረምት ቦዩ ተደፍኖ ቤትሽ ጎርፍ ስለገባ ትክክል መስሎኝ ነበር። ግን የጎረቤታችንን የአረጋሽን የሚያማት ወገብ ታውቂያለሽ፤ ገንዳውም ከቤቷ ሩቅ ነው። እሁድ ቅሬያችን ሲሰበሰብ «ሰርካዲስ ሐሳቧን ቀይራለች» በይልኝ። መጀመሪያ ተራ ገብተን የአቅመ ደካሞቹን ቆሻሻ እናውጣላቸው፤ እየቻለ ቦይ ውስጥ የሚጥል ከተገኘ ያን ጊዜ ቦዩን ይጥረግ።

የፖስታ ካርዱ ሞላ። እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹንም ሳሚልኝ። እስክመለስ ድረስ የአረጋሽን ፌስታል ማንም ሳይፈታው አንቺ ውሰጂላት።

ሰርካዲስ